የማርሚታው ነገር

ሰሞኑን ከዚህ ገጽ መጥፋቴን አይታችሁ «ምን ነካህ?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ጥቂቶች አይደላችሁም። አልታመምኩም፤ አፌን የዘጋውም የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከዩኒቨርሲቲ እየተመለስኩ በብዕር ፋንታ መፍቻ ይዤ፣ እስከ ክርኔ ጥላሸት ለብሼ፣ በዕድሜ በአንድ ዓመት የሚበልጠኝን የአንድ ሞተር ብስክሌት ጭስ ማውጫ ስፈታና ስገጥም ነው የከረምኩት። ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥት ይጽፋል ተብሎ የሚጠበቅ ሰው ስለ ማርሚታ ሲያወራ ትዕግሥታችሁን እንደሚፈታተን አልጠፋኝም። ይሁን እንጂ ለዓመታት የጻፍኩትን መልሼ እንዳነብ ያስገደደኝ ይኸው ማርሚታ ስለሆነ በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም።

እግረ መንገዴን ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። ጣሊያኖች «ማርሚታ» የሚሉት ትልቅ ድስትን ነው፤ የመኪናንና የሞተርን ድምፅ የሚያፍነውንም ቆርቆሮ በዚያው ስም ይጠሩታል። የእኛ ጋራዦች ከእነርሱ የወረሱት የቃል ሀብት ከሚነገርለት በላይ ነው፤ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ዳዶ። ዐድዋ ላይ ድል የነሣነው አገር በሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች ውስጥ እስከ ዛሬ በቃላቱ ይነግዳል። እኔም ከሃያ ዓመት በላይ በጀርመን ኖሬ፣ በቋንቋቸው አስተምሬና ተከራክሬ፣ ሞተሬ ሲታመም ግን ከአፌ የሚወጣው የልጅነቴ ጋራዥ ቋንቋ ነው።

ሞተሩ ቢ ኤም ደብሊው አር 80/7 ይባላል። በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በበርሊን ስፓንዳው ፋብሪካ የተሠራ፣ 797 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ሁለቱ ሲሊንደሮቹ ወገቡን እንደ ያዘ ሰው ክርን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የወጡ ነው። የሸጠልኝ ወጣት በዘመኑ ፋሽን አሳምሮታል። ረጅሙን መቀመጫ ጥሎ አጭር የቆዳ መቀመጫ አድርጎበታል፤ የኋላውን ጭቃ መከላከያ ቆርጦታል፤ መሪውን ዝቅ አድርጎታል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የእንግሊዝ ወጣቶች ከአንዱ የመንገድ ዳር ካፌ ወደ ሌላው ይሽቀዳደሙባቸው የነበሩትን ሞተሮች እንዲመስል ነው፤ «ካፌ ሬሰር» ይሉታል። ከሁሉ በላይ ግን ሁለቱን ረጃጅም ማርሚታዎች አውልቆ፣ አፋቸው እንደ ጡሩምባ የሰፋ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ሁለት አጫጭር ቱቦዎች ገጥሞበታል። የግራውንና የቀኙን ጭስ ማውጫ ከሞተሩ ሥር የሚያገናኘውን መሻገሪያ ቱቦም ቆርጦ፣ የተቆረጠበትን ቀዳዳ በብየዳ ደፍኖታል።

እውነቱን ልናገር፤ የገዛሁት ለድምፁ ነው። ወጣቱ ሲያስነሣው የጋራዡ መስኮቶች ነዘሩ፤ ደረቴም አብሮ ነዘረ። እኔ በፋኩልቲ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ተራዬ እስኪደርስ ሐሳቡ በሌላ ሰው አፍ የሚያልፍብኝ፣ በተማሪዎቼ ፊት በባዕድ ቋንቋ ቃል እየመረጥኩ የምናገር ሰው ነኝ። ያ ድምፅ ለዓመታት ጠፍቶብኝ የነበረ የራሴ ድምፅ መሰለኝ። ዋጋ እንኳ አልተከራከርኩም።

ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ ጀርመናዊ ጎረቤቴ በፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ወረቀት ከተተልኝ። ትሕትና አልጎደለውም፤ ነገር ግን የተነሣሁበትን ሰዓት ቀን በቀን መዝግቦታል። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12፡50፣ ጠዋት 12፡55፣ እሑድ 3፡10 እያለ ይቀጥላል። ወረቀቱን እንደ ክስ፣ ክሱንም እንደ ጥላቻ ቆጠርኩት። «ስሜ ሙለር ወይም ሽሚት ቢሆን ይጽፍልኝ ነበር?» ብዬ ለወዳጆቼ አሳየሁ። ወዳጆቼም እንደ ወዳጅ ወግ ነው፣ አብረውኝ ተቆጡ።

እዚህ ላይ የቆየ አቋሜን መናዘዝ ይኖርብኛል። በግንቦት 2020 የጀርመን ክፍለ ግዛቶች ምክር ቤት፣ ቡንደስራት የሚሉት፣ የሞተር ብስክሌት ጩኸት እንዲገታ፣ በእሑድና በበዓል ቀን አንዳንድ መንገዶች እንዲዘጉ የሚያስችል ሕግ እንዲወጣ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳልፎ ነበር። በዚያው በጋ ሞተረኞች በየከተማው በብዙ ሺህ ሆነው ሰልፍ ወጡ፤ የትራንስፖርት ሚኒስትሩም ክልከላውን አልቀበልም አሉ። በኦስትሪያ የቲሮል ግዛት ግን በሮይተ አውራጃ ባሉ አንዳንድ መንገዶች ላይ፣ በሊብሬው የተጻፈው የቆመ ድምፁ ከ95 ዲሲብል የሚበልጥ ሞተር እንዳያልፍ በሰኔ ወር ታገደ። እኔ ያኔ ሞተር አልነበረኝም፤ ግን በአንድ የእራት ገበታ ላይ «ዛሬ ድምፅን የለካ መንግሥት ነገ ሐሳብን ይለካል» ብዬ ተሟግቻለሁ። ገበታው በሙሉ አጨበጨበልኝ። ከእኛ አገር የመጣ ሰው እንዲህ ሲል ክብደት ይኖረዋላ! ለነገሩ ፍርሃቴ ከሜዳ የተነሣ አልነበረም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ፣ የአዲስ አበባ አስተዳደር በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ በዛ ብሎ የተለየ ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተር ብስክሌቶችን ከከተማው መንገድ አግዶ ነበር። ሌባውም በሞተሩ እንጀራውን የሚያበስለውም በአንድ ቀን ከመንገድ ወጡ። እንዲህ ያለ አሠራር ያየ ሰው ደንብ የሚባል ነገር ሁሉ በሩቁ ቢሸተው አይፈረድበትም።

ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። በዚህ አገር ሞተር ብስክሌት በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል። የምርመራው ልማድ በጀርመን ምድር ሥር የሰደደው እኔ በምኖርበት በማንሃይም ነው። በ1865 በዚህ ከተማ የአንድ ቢራ ፋብሪካ የእንፋሎት ማሞቂያ ፈነዳ፤ በ1866 የማሞቂያዎቹ ባለቤቶች ራሳቸው ተሰባስበው ማሞቂያዎቻቸውን የሚመረምርላቸው ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ «ቲዩፍ» ሲባል ሰው የሚንቀጠቀጥለት ተቋም ግንዱ ያ ነው። (ይህቺ ከተማ ስትገርም! በ1817 ካርል ድራይስ የብስክሌትን ቅድመ አያት የነዳባት፣ በ1886 ካርል ቤንዝ የመኪናውን ፓተንት ያስመዘገበባት፣ መርማሪውንም የወለደችው እርሷው ናት።) የሚፈነዳው የራሳቸው ንብረት ስለነበረ መርማሪውን የጠሩት ባለንብረቶቹ ናቸው። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ ተራው የእኔ ሲሆን ግን ሆዴ ባባ።

መርማሪው ሞተሩን አንድ ጊዜ ዞረው። ከቱቦዎቹ ሥር ተንበርክኮ በባትሪ የተቀረጸ ምልክት ፈለገ፤ አልነበረም። ሊብሬውን ገለጠ።

«እነዚህ ማርሚታዎች ለዚህ ሞተር የተፈቀዱ መሆናቸውን የሚያስረዳ ወረቀት አለዎት?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ሞተሩ በመንገድ ላይ የመሄድ ፈቃዱ ቀሪ ሆኗል። አስተካክለው በአንድ ወር ውስጥ ይመለሱ።»

ስለ ጩኸቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ተቆጥቼ የሞተሩን ዕድሜ አነሣሁበት፤ አሮጌን ዕቃ በዛሬ ሚዛን መመዘን ፍትሕ ነው ወይ አልኩት። ሰውየው ረጋ ብሎ፣ በዛሬ ሚዛን እንዳልተመዘንኩ አስረዳኝ። የጭስ ልኬት የሚደረገው ከጥር 1 ቀን 1989 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በተመዘገቡ ሞተሮች ላይ ብቻ ስለሆነ የእኔን አይነካውም፤ ድምፁም የሚዳኘው ሞተሩ በተመዘገበበት ዘመን በነበረው ደንብ ነው። «ከእርስዎ የሚፈለገው በ1978 የነበረውን ያህል ዝም እንዲል ብቻ ነው» አለኝ። ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም የሚለውን መርሕ በዚህ መልክ ሲፈጸምብኝ መናደዴ ያሳፍረኛል፤ ግን ተናደድኩ።

ሞተረኞች ለዚህ በሽታ የታወቀ መድኃኒት አላቸው። ለምርመራው ቀን ሕጋዊውን ማርሚታ ከወዳጅ ተውሶ መግጠም፣ ማኅተሙ ከተመታ በኋላ ጩኸታሙን መልሶ ማሰር ነው። እኔም የመንግሥትን ግልጽነት ስሰብክ የኖርኩት ሰው የሚያውሰኝ ፍለጋ ስልክ ደወልኩ፤ አገኘሁም። ቀጠሮው ለሚቀጥለው ሳምንት ሆነ። እስከዚያ ሞተሩን ከቆመበት ማንቀሳቀስ አልነበረብኝም። እሑድ ቀኑ ብሩህ ሆነና «አንድ ጊዜ ብቻ» ብዬ ወደ ኦደንቫልድ ተራሮች ወጣሁ።

ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ወደ ግቢያችን ስታጠፍ ነዳጁን ለቀቅኩት፤ ያን ጊዜ ሞተሩ እንደ ልማዱ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ጧ! ጧ! ጧ! ይህን እንደ ጌጥ ነበር የምቆጥረው። በግቢው ውስጥ፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያዎቹ አጠገብ፣ ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቆመው ነበር። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ በዓል በመጣ ቁጥር ዳቦ ደፍተው በሬን የሚያንኳኩ የአገሬ ሴት ናቸው። ሞተሩን አጥፍቼ ዘወር ስል የሉም። ከማጠራቀሚያው ጀርባ ተጎንብሰው፣ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ጭንቅላታቸው ላይ ይዘው አየኋቸው።

ሮጬ ደገፍኳቸው። ተነሡና ሳቁ፤ ልብሳቸውን አራገፉ።

«አይ እኔ! ምን ሆንኩ ደግሞ። አይዞህ ልጄ፣ ምንም አይደል።»

«እማማ፣ ሞተሩ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ ሞተሩ እንደሆነ። ከመጣ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እግሬ ግን አያውቅም።»

ቡና አፈሉልኝ። አንድ ሲኒ ሙሉ ጠጥተን እስክንጨርስ የተነጋገርነው ስለ ዳቦና ስለ ቅዝቃዜ ነው። ሁለተኛው ሲቀዳ፣ እኔ ሳልጠይቅ፣ በ1970 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማቸው አንድ ሌሊት ከቤት እንደተወሰደ፣ ተኩሱን ከአልጋቸው ሆነው እንደሰሙ፣ በማግሥቱ እናታቸው አስከሬኑን ከመንገድ ዳር እንዳገኙት፣ ማልቀስም እንደተከለከሉ ነገሩኝ። ቀይ ሽብርን በንግግሮቼ ውስጥ ስንት ጊዜ ጠቅሼው ይሆን? በቁጥር፣ በዓመተ ምሕረት፣ በድርጅቶች ስም። ከራሴ ወለል ሥር የሚኖረውን ግን አላየሁትም። ደግሞም፣ ይህ ሞተር በስፓንዳው ሲገጣጠም የነበረበት 1978፣ በእኛ 1970 መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ? ደስ ብሎህ ስትሄድ አይሃለሁ። መስኮቱን እዘጋዋለሁ፤ አለቀ።»

ስምንት ወር ሙሉ መስኮታቸውን ሲዘጉ ኖረዋል። በሰዓትና በደቂቃ መዝግቦ የጻፈልኝን ጎረቤት ጠላሁት፤ ከሁሉ በላይ የተጎዱት ግን ዳቦ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። ይሉኝታን እንደ ባህላችን ዕንቁ ስናወድስ ሂሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ አንጠይቅም። ቅሬታ አልቀረበም ማለት የተከፋ የለም ማለት አይደለም፤ ይህን ስለ መንግሥታት ስጽፈው እንዴት ይቀለኝ ነበር!

በማግሥቱ ያበድረኝ ለነበረው ሰው ደውዬ ማርሚታው እንደማያስፈልገኝ ነገርኩት። ከዚያ አንድ ሌላ ሰው ጋ ሄድኩ። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደጉ፣ እዚህ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሞተሩን አዩ፤ ምንም ሳይናገሩ ቁልፉን ተቀበሉኝና «አንተ ከኋላ ቁም» አሉኝ። የቆምኩት ከእማማ መስኮት ሥር ነው። ጋሼ አስነሡት፤ ነዳጅ ሰጡት፣ ለቀቁት።

ያን ድምፅ ስምንት ወር ተቀምጬበታለሁ፤ የሰማሁት ግን የዚያን ዕለት ነው። ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው፤ የጭስ ማውጫ አፍ ወደ ኋላ ይመለከታል። ነጂው የሚሰማው ንፋሱንና ከሥሩ የሚመጣውን ጉርምርምታ ነው፤ ዋናውን ጩኸት ከኋላው ለቀሩት ትቶላቸው ይሄዳል። ባለሙያዎች ድምፁን ሲለኩ ማይክሮፎኑን የሚያቆሙት በነጂው ጆሮ ዘንድ አይደለም፤ ከቱቦው አፍ በግማሽ ሜትር ርቀት፣ በ45 ዲግሪ ጎን ነው። ዲሲብል ደግሞ እንደ ብር አይቆጠርም፤ 10 ሲጨምር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል።

እንግዲህ ከዚያ መስኮት ሥር ቆሜ ያሰብኩትን ልጻፈው። በ1997ቱ ምርጫ ማግሥት እዚህ አገር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበርኩ። ሌሊት ሌሊት፣ ማሞቂያ ባለው ክፍሌ ተቀምጬ፣ ወጣቱ ከጎዳና እንዳይመለስ እጽፍ ነበር። «ወደ ኋላ የለም!» የሚል ርዕስ የሰጠሁት ጽሑፍ ዛሬም አለኝ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተከፈተው ተኩስ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ ቆጥሯል። የተኮስኩት እኔ አይደለሁም፤ ተኳሹን ከደሙ ነጻ የሚያደርግ ነገርም እየተናገርኩ አይደለም። ጽሑፌን ያነበበ አንድ ልጅ እንኳ መኖሩን አላውቅም። የማውቀው፣ ያን ሁሉ ስጽፍ የጩኸቴ አፍ ወደ የት እንደሚመለከት አንድም ቀን ዞሬ አለማየቴን ነው። እኔ ከአገሬ ወደ ፊት እየሄድኩ ነበር፤ ድምፄ ከኋላ ቀረ።

ጋሼ ሞተሩን አጠፉና ወደ ሥራው ገባን። ተኩሱ ጌጥ አለመሆኑን ያስረዱኝ እርሳቸው ናቸው። በግራ በኩል ቱቦው ከቴስታታው የሚገናኝበት መጋጠሚያ ያስተነፍሳል። ነዳጁ ሲለቀቅ ሳይቃጠል የሚያልፍ ነዳጅ ወደ ጋለው ቱቦ ይገባል፤ በመጋጠሚያው በኩል የሚሳበው አየር ሲጨመርበት እዚያው ይቀጣጠላል። ባዶዎቹ ጡሩምባዎችና የተቆረጠው መሻገሪያ ደግሞ ነገሩን አባብሰውታል። ይህ ሞተር አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየተፈራረቀ ይተነፍሳል፤ መሻገሪያው ቱቦ የአንዱን ግፊት ከሌላው ጋር አካፍሎ ያለዝበዋል፤ በመካከለኛ ፍጥነትም ጉልበት ይሰጠዋል። ማርሚታው ደግሞ በውስጡ ክፍሎችና የተበሳሱ ቱቦዎች አሉት፤ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ ራሱን በራሱ ያደክማል። ለካ በጩኸቱ ስንመካ የሞተሩን ጉልበት ስንጥል ነበር። ቱቦዎቹ አንገታቸው ላይ ሰማያዊ የሆኑትም ነዳጁ ለአየሩ አንሶት ከመጠን በላይ ስለጋሉ ነው አሉኝ ጋሼ።

ቱቦውን ከቴስታታው ጋር የሚያስረው ዙሪያውን እንደ ፀሐይ ጨረር ክንፍ ያለው የአልሙኒየም ዳዶ ነው። የቀኙ በልዩ መፍቻው ጮኸና ተፈታ። የግራው ንቅንቅ አላለም። በዓመታት ሙቀትና እርጥበት ከቴስታታው ጥርስ ጋር ተጣብቋል። ያስተነፍስ የነበረውም ለዚህ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ሲያጠብቀው እጁ ላይ ጠበቀለት፤ የጠበቀው ግን ዳዶው በመንገድ ስለተያዘ እንጂ ቱቦውን ስለጨበጠ አልነበረም። ዘይት ረጨንበት፤ አደረ፤ እምቢ አለ። እኔ በመፍቻው እጀታ ላይ ረጅም የብረት ቱቦ ሰካሁበት፤ በሙሉ ክብደቴ ልወርድበት ነው።

ጋሼ እጄን ያዙኝ። «ዶክተር፣ ዳዶ ከሱቅ ይገዛል። ቴስታታው ግን አንድ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳዶው በጉልበት ሲዞር የተጣበቀበትን ጥርስ አብሮ ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ቴስታታውን አውርዶ፣ በብየዳ ሞልቶ፣ ጥርሱን በማሽን እንደገና ማውጣት ይመጣል። ስለዚህ መሥዋዕት የሚሆነው ርካሹ ነው። ጋሼ በሴጌቶ በሁለቱ ክንፎች መካከል ዳዶውን ወደ ታች መቁረጥ ጀመሩ። አሥር ጊዜ ይገዘግዛሉ፣ ያቆማሉ፣ በባትሪ ያያሉ። ጥርሱ ሊደርስ የወረቀት ያህል ሲቀር ሴጌቶውን አስቀምጠው መሮ አነሡ። የመጀመሪያው ምሽት እዚህ ላይ አለቀ፤ «በደከመ እጅ መሮ አይመታም» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግሥቱ መሮውን በተቆረጠው ስንጥቅ ውስጥ አስገብተው በመዶሻ ሦስት ጊዜ ብቻ፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ነካ ነካ አደረጉት። ዳዶው ጠቅ ብሎ ተከፈተ፤ በእጃቸው አወጡት። ከሥሩ ያለው የቴስታታ ጥርስ አንድም አልተነካም፤ ነጭ ብሎ ያበራ ነበር። እኔ የዶክትሬት ዲግሪዬን ስቀበል እንዲህ መደሰቴን አላስታውስም።

የቀረው ገንዘብና ድካም ነው። መሻገሪያ ያላቸውን 38 ሚሊ ሜትር ቱቦዎች አዲስ ገዛሁ፤ ማርሚታዎቹን ከድሮ ዕቃ ገበያ፣ አንደኛው ትንሽ የተሰረጎደ፣ የፋብሪካው ምልክት ያለባቸው አገኘሁ። ወጣቱ ማርሚታ የሚታሰርበትን ማቀፊያ ቆርጦ ጥሎት ስለነበር ጋሼ አዲስ በየዱልኝ። ጥርሶቹን በሽቦ ብሩሽ ጠርገን፣ ሙቀት የሚችል ቅባት ቀብተን፣ አዳዲስ ቀለበቶች ከተን፣ ዳዶዎቹን መጀመሪያ በእጅ ከዚያ በመፍቻ አጠበቅን፤ አሙቀን አቀዝቅዘን እንደገና አጠበቅን። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ፈትቼ እንደገና እንድቀባው አስጠነቀቁኝ። ካርቡራተሮቹም በአዲሱ አተነፋፈስ ልክ መስተካከል ነበረባቸው፤ ያ ሌላ ሁለት ምሽት ወሰደ፤ ዝርዝሩን እምራችኋለሁ።

መልኩ? መልኩማ ተበላሽቷል። ረጃጅሞቹ ማርሚታዎች ከአጭሩ መቀመጫ አልፈው ወጥተው ሞተሩ የታላቅ ወንድሙን ሱሪ የለበሰ ልጅ መስሏል። የሸጠልኝ ወጣት ቢያየው ያለቅሳል። መርማሪው ግን ተንበርክኮ ምልክቱን አየ፤ አስነሣው፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፤ ማኅተሙን መታ። የወረቀቱ ባለቤት ጎረቤቴ ጋም ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ይቅርታዬን ሲሰማ ከእኔ ይልቅ እርሱ አፈረ፤ ለካ ሌሊት ተረኛ ሆኖ የሚሠራ ሰው ኖሯል፤ ጠዋት 12፡50 ማለት ገና ዓይኑን የሚከድንበት ሰዓት ነበር።

ሞተሩን ወደ ግቢ ሳስገባ እማማ መስኮታቸው ላይ ነበሩ። ነዳጁን ለቀቅኩት፤ አልተኮሰም። መስኮቱ አልተዘጋም።

«እንደ ስፌት መኪና ሆነ» አሉኝ።

«ይሻላል?»

«ይሻላል እንጂ።» ትንሽ አሰቡና፣ «ግን ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትሄደው?»

«በተለመደው ሰዓት። ምነው እማማ?»

«ድሮ ስትነሣ እሰማህ ነበራ። ከእንግዲህ መሄድህን በምን አውቃለሁ? መስኮቱን አንኳኩተህ እለፍ።»

አሁን አንኳኩቼ ነው የምሄደው።

ቸር እንሰንብት።